ከአዲሱ ቀለም በታች

ያረጀ ቤት ሊገዛ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው እርጅናውን ነው። እኔና ባለቤቴ በባህር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ የቆየ የጭቃ ቤት ገዝተን ከገባን በኋላ የተረዳነው ግን ሌላ ነው፤ ቤቱን የጎዳው ዕድሜው ሳይሆን በየጊዜው የተደረገለት እድሳት ነበር። የመጀመሪያው ባለቤት በቋሚ፣ በማገርና በጭድ በቦካ ጭቃ ያሠራው ክፍል፣ ከታች እግሩ ከመበላቱ በቀር፣ ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ራስ ምታት የሆነብን ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተለጠፈው፣ የተቀጠለው፣ የተሞላውና የተቀባው ነው።

በእኛ ከተማ ያረጀ ቤት ሲሸጥ ማንም ቤቱን አያይም። ቦታው ይታያል፣ ካርታው ይታያል፣ ከአስፋልቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይታያል፣ ግቢው መኪና ያስገባ እንደሆነ ይታያል። ደላላው ገና በሩ ሳይከፈት «ቤቱን ተወው፤ አንተ ቦታውን እይ» ይላል፤ ገዢውም ብዙ ጊዜ አሮጌውን አፍርሶ የሚሠራውን ፎቅ በልቡ ይዞ ስለሚመጣ ግድግዳ አያንኳኳም። ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬት የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ ሰው ከሰው ሊገዛ የሚችለው በቦታው ላይ ያረፈውን ቤትና ከቤቱ ጋር የሚተላለፈውን የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ የሚሸጠው ቤት ቢሆንም ዋጋው የሚተመነው በቦታው ስፋትና አቀማመጥ ነው፤ የቋሚው ደኅንነት ከሂሳቡ ውስጥ የለም። እንደ እኛ ሊኖርበት ብሎ የሚገዛ ሰው በዚህ ገበያ ውስጥ ቤቱን ከላይ እስከ ታች የሚያገላብጥለት ባለሙያም፣ ልማድም አያገኝም። ይህ ልማድ ቢኖር ኖሮ ለሻጩም ለገዢውም ይበጅ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጥንቃቄ ያደረገ ሻጭ ዛሬ በዋጋው ላይ የሚጨመርለት ነገር የለምና።

ሰፈሩ ከተማዋ በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ተከፍተውላት ወደ ጎን መስፋት ከጀመረች በኋላ ከበቀሉት አንዱ እንደሆነ ጎረቤቶች ይናገራሉ። ዋናው ቤት ጭቃ ነው፤ ከፊት ለፊቱ በኋላ ዘመን በብሎኬት የተቀጠለ ሳሎን አለ፤ ከጓሮ ደግሞ ኩሽና፣ መጸዳጃና አንዲት ክፍል ያሉት ሰርቪስ ቤት ተሠርቷል። እኛ ስናየው ግድግዳው ሁሉ በሲሚንቶ ተለስኖ ክሬም ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ኮርኒሱም ነጭ ነው። የጭቃ ቤት መሆኑ የሚታወቀው በግድግዳው ውፍረትና በመስኮቶቹ ጥልቀት ብቻ ነበር።

ባህር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ የመኝታ ቤቱ ክሬም ቀለም ከወለሉ ከፍ ብሎ ማበጥና መላጥ ጀመረ። ጠርዙም ወጣ ገባ ያለ፣ ጨው ያበበበት መስመር ነበር። ከላይ የሚፈስ ነገር አልነበረም፤ ግድግዳው ከላይ ደረቅ ሆኖ ከታች ይረጥባል። አልባሳት የሚቀመጡበት ቁም ሣጥን ጀርባው ሻግቶ ተገኘ። ቀለም የሸጠልን ሰው መፍትሔው ውሃ የማያስገባ ቀለም ደርቦ መቀባት እንደሆነ በሙሉ ልብ ነገረን። ምክሩን ያልተቀበልነው ባለቤቴ በአንድ ጥያቄ ስለዘጋችው ነው፤ «ውሃውን ካላስወጣነው የት ይሂድ?» አለችው።

አያ ብለን የምንጠራቸው የሰፈሩ አናጺ የመጡት በሐምሌ ነው። ዕቃቸውን አላወጡም። በጣታቸው መገጣጠሚያ ግድግዳውን ከወገብ በላይ አንኳኩ፤ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጣቸው። እያንኳኩ ወደ ታች ወረዱ፤ ከጉልበት በታች ሲደርሱ ድምፁ ተለወጠና እንደ ባዶ እንስራ ይጮህ ጀመር። ያን ጊዜ መሮና መዶሻ ጠየቁ። የሲሚንቶውን ልስን አራት ማዕዘን አድርገው ቆርጠው ሲገነጥሉት በመጀመሪያ የዛገ የዶሮ ሽቦ ወጣ፤ ከሽቦው ጀርባ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ከክፍተቱ በስተጀርባ ያለው ጭቃ ርሶ በእጅ ይፈርሳል። በጭቃው ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው የአፈር ቱቦዎች ከመሬት ተነሥተው ወደ ላይ ይሄዳሉ። አያ አንዱን ቱቦ በመሮው ጫፍ ሲነኩት ነጫጭ ምስጦች ተበተኑ። ቋሚውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ጣታቸው ገባ። የውጭ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቶ ውስጡ አልቋል። ከዚያ ከፍ ብለው በሌላ ቦታ ቀደዱ፤ እዚያ ማገሩ ደረቅ ነው፣ ጭቃው ጠንካራ ነው፣ ጭዱም ገና ቢጫ ነው። «ግድግዳህስ ደኅና ነው፤ የሞተው እግሩ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የተረዳነው ታሪክ እንዲህ ነው። ቤቱ መጀመሪያ ሲሠራ ቋሚዎቹ የቆሙት ከግቢው ከፍ ባለ የጥቁር ድንጋይ ካብ ላይ ነበር፤ ይህ የባህር ዳር ጥቁር ድንጋይ እዚሁ በየቦታው የሚገኝ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ውሃም ምስጥም አይፈራም። ዘመን አልፎ ከግቢው ፊት ያለው መንገድ ሙሌት ተደፍቶበት ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከግቢው በላይ ሆነ፤ የመንገዱ ጎርፍም ወደ ግቢ መግባት ጀመረ። ያን ጊዜ የነበሩት ባለቤቶች እንደ ማንም ሰው ግቢውን አፈር አስደፍተው ከመንገዱ ጋር አስተካከሉት። በዚህ አንድ ሥራ ካቡ ተቀበረ፣ ጭቃውና ቋሚው ከእርጥብ አፈር ጋር ተገናኙ፣ ለምስጥም ድልድይ ተሠራለት። ጭቃው ከታች መፍረስ ሲጀምር ደግሞ በዶሮ ሽቦና በሲሚንቶ ተሸፈነ።

ሲሚንቶ በጭቃ ላይ መለጠፍ በከተሞቻችን ሁሉ እንደ እድገት የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን በበጋ ያወጣል። ሲሚንቶ በላዩ ሲለጠፍበት ከታች የሚሳበው ውሃ መውጫ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ ነገሮች ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጥ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ ከጭቃው ይለያያል፤ በመሐል የሚቀረው ክፍተት ጨለማ፣ እርጥብና ከጉንዳን የተጠበቀ ስለሆነ ምስጥ ቢመኝ የማያገኘው መንገድ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዓይናችንን መጋረዱ ነው። በድሮው ቤት የምስጥ ቱቦ በጭቃው ላይ በግልጽ ይታያል፤ ቤት የሚጠርግ ሰው በመጥረጊያው ያፈርሰዋል፣ በየዓመቱ ለበዓል ግድግዳው ሲመረግም የተጎዳ ቋሚ ይገኛል። ለካ ያ ሁሉ አድካሚ የሚመስል የምርጊት ሥራ ቤቱን በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር ነበር። ሲሚንቶው ምርጊቱን ሲያስቀር ምርመራውንም አብሮ አስቀረው።

ከተከፈቱት ቋሚዎች መካከል የማዕዘኑ አንዱ ብቻ አልተነካም። አያ ፋስ ቢያሳርፉበት ቀይ ሥጋው ወጣና ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ የሐበሻ ጥድ ነው። የቀሩት ባህር ዛፍ ናቸው። ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ቶሎ ስለሚያድግና ቀጥ ስለሚል የከተማ ቤት ሁሉ ቋሚ ሆኗል፤ በምስጥ ፊት ግን እንደ ጥድና እንደ ወይራ አይደለም። አያ ስለዚህ ነገር ሲናገሩ ድሮ ማዕዘን በጥድ ካልቆመ አናጺው እንደሚታማ ጨመሩልኝ።

ግድግዳ በክረምት አይከፈትም ብለው በሐምሌና በነሐሴ ያሠሩን አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ በቤቱ ዙሪያ የተደፋውን አፈር ካቡ እስኪታይ ድረስ አስቆፍረን አስወጣን፣ ውሃውም ወደ ጓሮ የሚሄድበት ቦይ አስቀደድን። ይህ ብቻ የመኝታ ቤቱን ሽታ በግማሽ ቀነሰው። ዋናው ሥራ የተጀመረው ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ ከጠናች በኋላ ነው። የሲሚንቶው ልስን በሙሉ ተነቀለ፤ ግድግዳው ራቁቱን ሲደርቅ ሰነበተ። ከዚያ ጣሪያው በባላና በአግዳሚ እየተደገፈ፣ ግድግዳው በአንድ ጊዜ እንዳይወርድ በትንሽ በትንሹ እየተከፈለ፣ የቋሚዎቹ የተበላ እግር ተቆረጠ። ከሥር የነበረው ካብ ተጠግኖ በጥቁር ድንጋይና በሲሚንቶ ከግቢው በላይ ከፍ ተደረገ፤ በላዩ ቀጭን የፌሮ ኮንክሪት ዞረ፤ ከመሬት የሚሳበው እርጥበት እንዲቆረጥ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈበት፤ ቋሚዎቹም በዚያ ላይ አርፈው በላሜራ ቁራጭ ታሠሩ። ሲሚንቶ ቦታው እዚህ ነው፤ ከታች፣ ከድንጋይ ጋር።

ቋሚዎቹን በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ላይ አያና ባለቤቴ አልተስማሙም። እሳቸው ሲሠሩበት የኖሩት ነገር ነው፤ ምስጥን እንደሚያርቅም በዓይናቸው አይተዋል። እሷ ደግሞ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ፣ ከውሃ ጉድጓዳችን አጠገብ፣ ያ ዘይት እንዳይገባ አጥብቃ ተቃወመች። እኔ ከእሷ ጋር ነበርኩ፤ እግሩ ደረቅ ከሆነና ካቡ ከታየ ምስጡ ሲወጣ እናየዋለን የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። አያ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ጉዳይ ያኮርፋሉ።

ጭቃው ከግቢያችን አልተወሰደም። የእኛ አፈር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር በመኪና መጣ፣ የጤፍ ጭድ ተደባልቆበት ውሃ ጠጣ፣ በእግር ተረገጠ፣ ተሸፍኖ ሰንብቶ እንደገና ተረገጠ። በደንብ የቦካ ጭቃ ይሸታል፤ ጎረቤቶች በትዕግሥት ቻሉን። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ መሰነጣጠቅም አለበት፤ ስንጥቁን የሚይዘው ሁለተኛው፣ ቀጭኑ ንብርብር ነው። በላዩ በሲሚንቶ ፈንታ ኖራ ቀባን። ለማየት የመጡ ዘመዶች «ይህን ያህል ገንዘብ አውጥታችሁ ወደ ጭቃ ተመለሳችሁ?» ይላሉ። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ብንሄድ በዘጌ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ እንደሆኑ፣ ዘመናትን የተሻገሩትም ክብ ጣሪያቸው ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ ስለሚጥል እንደሆነ አስታውሳቸዋለሁ፤ ሲሰሙኝ ግን ያልፋሉ።

ስለ ጣሪያ ካነሣሁ፣ ሁለተኛው ስውር ችግር እዚያ ነበር። የብሎኬቱ ሳሎን ሲቀጠል አዲሱ ጣሪያ ከአሮጌው ጋር የተገናኘው በውስጥ አሸንዳ ነው፤ ያ አሸንዳ ጠባብ ነው፣ የማንጎ ቅጠልም ይሞላዋል። ኮርኒሱ ላይ ከነጩ ቀለም ሥር የቆየ ቡናማ ክብ ነበር፤ ነሐሴ ላይ ቀለሙን ሰብሮ ወጣ። አንዱን ገበታ አንሥተን ስንመለከት ወራጆቹ ጠቁረዋል፣ የቆርቆሮው ምስማሮች ጎሚኒያቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ቀዳዳዎቹም ሬንጅ በነከረ ጨርቅ ተደፍነዋል። አሸንዳውን ሰፋ ባለ አስቀየርን፣ የተበላሹትን ቆርቆሮዎች ወፍራም በሆነው ባለ 28 ጌጅ ተካን። ቁም ነገሩ ግን አሸንዳው የሚያወርደው ውሃ የት ነበር የሚወድቀው የሚለው ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 112,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ 56 ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። ይህ ሁሉ ውሃ ባጠረ ቱቦ በመኝታ ቤቱ ማዕዘን ሥር ሲፈስ ኖሯል። ከላይ ያለው ችግርና ከታች ያለው ችግር አንድ መሆናቸውን ያየነው ያን ጊዜ ነው። አሁን ቱቦው ወደ ሮቶ ይገባል፤ ትርፉ በቦዩ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የሰሙ ወዳጆች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ሻጩን ለምን አልከሰሳችሁም ብለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት የሚሰጠውን መድን፣ ማለትም ዋስትና፣ በዝርዝር ይደነግጋል፤ ተዋዋዮች ይህን መድን በውላቸው ሊያጠብቡት ቢችሉም፣ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ እንዲህ ያለው ስምምነት ዋጋ አይኖረውም። ገዢውም የገዛውን ነገር ጊዜ ሳይሰጥ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በውላችን ላይ፣ እንደ ብዙዎቹ ውሎች፣ ቤቱን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ የሚል ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል። ስለዚህ ጥያቄው ተንኮል ነበር ወይ የሚለው ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ተንኮል አላየሁም።

ሻጯ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል። ስልክ የደወልኩላቸው የቤቱን ታሪክ ለመጠየቅ ነው። «እትዬ፣ ይህ ሲሚንቶ መቼ ነው የተለሰነው?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ እሱማ ለትልቋ ልጄ ሠርግ ነው። ሚዜው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ልብሱ ጭቃ እንዳይነካው ብለን ነው» አሉኝ። ቀለሙስ? «ሰው ቤት ሊያይ ሲመጣ እንዴት ሳይቀባ ይታያል? ነውር አይደለም?» እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ለእንግዳ ቤት ማሳመር ክብር ነው፤ ቤት ገዢም በእሳቸው ዓይን እንግዳ ነው። ጨዋታችን ሊያልቅ ሲል ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በሰርቪሱ ሥር ያለውንስ አገኛችሁት?» ብለው ጠየቁኝ።

አላገኘነውም ነበር። በሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ያለችው ክፍል ወለሏ በአንድ በኩል ዝቅ ብሏል፤ እኛ የሊሾው ጉድለት መስሎናል። የድሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ እዚያ ነው። ሲሞላ አፈርና ፍርስራሽ ተደፍቶበት፣ በእንጨት ተረብርቦ፣ ኮንክሪት ተደፍቶ ክፍል ተሠርቶበታል። እንጨቱ በስብሷል፤ በላዩ አልጋ ተዘርግቶ አንዲት ሠራተኛ ትተኛበት ነበር። በቤቱ ሁሉ ካገኘነው ነገር እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ክፍሉን በዚያው ቀን ባዶ አደረግነው፤ ወለሉ ተሰብሮ ጉድጓዱ እስከ ታች ተጠርጎ፣ በጥቁር ድንጋይና በጠጠር እየተጠቀጠቀ ተሞላ፣ ከዚያ በፌሮ የተሠራ ወለል ከዳር እስከ ዳር አለፈበት።

በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው የሽንት ቤት ጉድጓድም ቢሆን የራሱ ጣጣ ነበረው። ከሐይቁ አቅራቢያ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፤ በክረምት ከፍ ይላል። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ሆኖ፣ በዓመቱ ውስጥ ከፍተኛ የሚሆነው ዝናቡ መቀነስ ከጀመረ በኋላ በመስከረም ነው። ስለዚህ ታቹ ያልተደፈነ ጉድጓድ በነሐሴና በመስከረም የሚሞላው ቤተሰቡ በሚጠቀመው ልክ አይደለም፤ መሬቱ ራሱ ውሃ ይጨምርበታል። በበጋ ደግሞ ይጎድላል፤ የጎደለው ወደ መሬቱ ገብቶ፣ ከመሬቱም ወደ ውሃ ጉድጓዶቻችን ይሄዳል። የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ከሽንት ቤት ጉድጓድ እንዲርቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 30 ሜትር ነው። 10 በ20 የሆነ ግቢ ግን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ቢለካ 22 ሜትር ከምናምን ነው፤ የራስህን ብታርቅ የጎረቤትህ አለ። ለእኛ ያለው ምርጫ ታቹና ጎኑ የተደፈነ ባለ ሁለት ክፍል ሴፕቲክ ታንክ ማሠራትና የውሃ ጉድጓዳችንን ውሃ ከመጠጥና ከማብሰል ማውጣት ብቻ ነበር። አሁን ለልብስና ለአትክልት ነው የሚያገለግለው።

የቧንቧውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። የብረቱ ቧንቧ ከሊሾው ሥር ከውስጥ ዝጎ ይንጠባጠብ ነበር፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማንም አላስተዋለውም። ውሃ በመጣበት ሌሊት ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ የቆጣሪውን ትንሽ መዘውር ማየት ይበቃል፤ ከዞረ ይፈሳል ማለት ነው። አዲሱን የፕላስቲክ ቧንቧ ከወለል ሥር ሳይሆን በግድግዳው ላይ በግልጽ አስዘረጋነው። አያምርም፤ ግን ይታያል።

መብራቱ ይበልጥ አስፈሪ ነበር። ኮርኒሱ ሲከፈት የታዩት ሽቦዎች በስካቶላ፣ ማለትም በመገናኛ ሣጥን፣ ሳይሆን በጣት ተጠማዝዘው በናስትሮ የታሠሩ ናቸው፤ ናስትሮውም ደርቆ ተላቋል፣ አንዳንዱንም አይጥ ልጦታል። የእንጀራ ምጣዱ የተሰካው ለአምፖል ተብሎ ከተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ቢወስድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ በጣሪያው ሙቀት ውስጥ ላለ አሮጌ ቀጭን ሽቦ ይህ ለሰዓታት የሚቆይ ጭነት ነው። እንዳይቋረጥ ሲባል ደግሞ የፊውዙ ክር በወፍራም መዳብ ተተክቷል፤ ቤቱን እንዲጠብቅ የተቀመጠው ነገር ዝም እንዲል ተደርጓል ማለት ነው። ለምጣዱ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ባለ 6 ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ተዘረጋለት፣ ቤቱም እስከዚያ ድረስ ያልነበረውን የመሬት ሽቦ አገኘ። በገንዘብ ደረጃ ከሥራዎቹ ሁሉ ትንሹ ይህ ነው፤ ያረጀ ቤት የሚገባ ሰው ቀለም ከመግዛቱ በፊት ኮርኒስ አስከፍቶ ሽቦውን ቢያይ እመርጣለሁ።

እስካሁን ያልተፈታው የሳሎኑ ስንጥቅ ነው። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ ይወጣል፤ ቀድሞ በጄሶና በስቱኮ ተደፍኖ የነበረ መሆኑ ከጠርዙ ያስታውቃል። የብሎኬቱ ግድግዳ ከጭቃው ቤት ጋር ያለ ክፍተት ተጣብቆ፣ መሠረቱ ሳይጠልቅ በዋልካው ላይ ነው የተሠራው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግድግዳውን በየዓመቱ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ምህንድስና የሚያስተምር ጎረቤታችን ስንጥቁን ከመድፈን በፊት እንድናጠናው መከረን፤ በእሱ ምክር በስንጥቁ ላይ በሁለት ቦታ ጄሶ ለጥፈን ቀኑን ጻፍንበት። ጄሶው በየካቲት ተሰነጠቀ፣ በሚያዝያ ጥፍር የሚያስገባ ሆነ፣ በነሐሴ ተመልሶ ገጠመ። እንዲህ የሚተነፍስ ስንጥቅ በሲሚንቶ ቢደፈን ግድግዳው በሌላ ቦታ ይቀደዳል።

መድኃኒቱ ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈር ክረምት ከበጋ ተመሳሳይ እርጥበት እንዲኖረው ማድረግ ነው ይላል ጎረቤታችን። ለዚህም በሳሎኑ ዙሪያ አንድ ሜትር ከግማሽ የሚወጣ፣ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ ሊሾ በሦስት ጎን አስደፍተናል። በአራተኛው ጎን ማንጎው አለ። ሥሩ በበጋ ከግድግዳው ሥር ውሃ ስለሚመጥ ጎረቤታችን እንዲቆረጥ ይፈልጋል፤ ባለቤቴ ቤቱን የወደደችው በማንጎው እንደሆነ ትናገራለች፤ አያ ደግሞ በዛፉና በግድግዳው መሐል ጠለቅ ያለ ቦይ ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥና በድንጋይና በላስቲክ መለየት ይበቃል ባይ ናቸው። የአያን መንገድ መርጠናል፤ ቦዩ በጥር ይቆፈራል፣ አዲስ ጄሶም በዚያው ሰሞን ይለጠፋል።